በመዳፍ ውስጥ የተዘመረው መዝሙር

እጆቻቸው ተላቅቀው በቆዩበት በዚያ መሀል መዝሙሩ የት ነበር?

ይህን ጥያቄ ራሴን ያልጠየቅሁበት ሳምንት የለም፤ መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውም። ሥራዬ ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። መደርደሪያው የማይታወቅ መጽሐፍ እጄ ላይ ሲቆይ አልወድም። ወይ ታሪክ ጋ፣ ወይ ሃይማኖት ጋ፣ ወይ ሳይንስ ጋ ቦታውን ይዞ ካላየሁት ዕረፍት የለኝም። ይህ ነገር ግን የትም አልገባልኝም። ስለዚህ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ቦታ ያገኛችሁለት እንደሆነ እናንተ አስቀምጡት።

መጀመሪያ ማን እንደነበርሁ ልናገር። የተወለድሁት በደሴ ዙሪያ፣ ከገራዶ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ወላጆቼ ገበሬዎች ነበሩ፤ ፊደል ሳልቆጥር አደግሁ። ኮምቦልቻ የወረድሁት ሰው ቤት ልቀጠር ሲሆን የገባሁበትም ቤት የእትዬ ደብሪቱ ሆነ። እትዬ ደብሪቱ ከከተማው የመጀመሪያዎቹ ወንጌላውያን ቤተሰቦች ከአንዱ የተወለዱ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ቀልዳቸው ሳይታሰብ የሚወጋ ሴት ነበሩ። ገና በገባሁ ሰሞን ድስት አስቀምጠውልኝ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ “በማጠብ ትበልጪኛለሽ፤ በማንበብ እበልጥሻለሁ፤ ለምን አንለዋወጥም?” አሉኝ። የማታ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ሀ ሁ ስል ለአቅመ ሔዋን የደረስሁ ሴት ነበርሁ። ቤቱ ውስጥ በትልልቅ ፊደል የታተመው አሮጌው የመዝሙር መጽሐፍ ብቻ ስለነበር ማንበብ የተለማመድሁት በእሱ ነው።

የዚያ መጽሐፍ መዝሙሮች አብዛኞቹ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሰዎች ባሕር ማዶ የደረሷቸው ናቸው። በሚስዮናውያን ሻንጣ መጥተው እዚህ አማርኛ ለበሱ። ልብሱ ታዲያ አንዳንድ ቦታ ይጠብባቸዋል። ዜማው ለሌላ ቋንቋ ቁመት የተሰፋ ነውና የእኛ ቃል ሲገባበት እጅጌው ያጥራል፤ ወይም ትከሻው ላይ ይተረተራል። የሚዘመሩት በአራት ድምፅ ነው፤ ሁለቱን ሴቶች፣ ሁለቱን ወንዶች ይይዛሉ። በኪቦርድና በጭብጨባ ያደገው ወጣት “የሽማግሌ መዝሙር” ይላቸዋል፤ ይጎተቱበታል።

ከእነዚህ አንዱ፣ አንድ መንገደኛ አመሻሽ ላይ በጌታው ደጅ ቆሞ የሚናገረው መዝሙር ነው። እትዬ ደብሪቱ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር። ታዲያ “እጠብቃለሁ” የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ዜማው ቃሉን ለሁለት ይቆርጠዋል። “እጠብ” ብሎ ረዥም ይስብና፣ ተንፍሶ፣ “ቃለሁ” ይላል። የሰንበት ትምህርት ልጆች እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሳሙና እንደያዘ ሰው እጃቸውን እያሹ ይሳሳቁ ነበር።

እኔ ድምፅ የለኝም። ባፌ ስዘምር አጠገቤ ያለው ሰው ዜማው ይጠፋበታል። ስለዚህ እነዚህን መዝሙሮች የማውቃቸው በዓይኔ ነበር፤ የማያቸውም እንደ ጽሑፍ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፉን እንደገና ልታሳትም ስታስብ እርማቱን ሰጡኝ። ያን ስንኝ በቀይ አሰመርሁበት፤ ዜማው የማይቆርጠው ሌላ ቃል እንዲተካ ሐሳብ ጻፍሁ። ለእትዬ ደብሪቱ ስነግራቸው ሳቁ። “ተዪው ፋንቱ፤ እኔ እዚያ ጋ ነው የማርፈው” አሉኝ። ተከራከርኋቸው፤ ማረፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ከቃሉ በኋላ ቢያርፉ አልኋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ መናገር አለብኝ። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግታ፣ ሰው በየቤቱ ተደብቆ ይጸልይ በነበረበት ዘመን፣ እትዬ ደብሪቱና ሦስት ጓደኞቻቸው እነዚህን መዝሙሮች ያለ ድምፅ ይዘምሩ ነበር። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ጎረቤት ይሰማል፤ አብዮት ጥበቃ ይዞራል። ስለዚህ ክብ ሠርተው ተቀምጠው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከንፈር አይንቀሳቀስም። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በልቡ ይይዛል፤ አውራ ጣቱ ብቻ የዜማውን ምት በጎረቤቱ መዳፍ ላይ ይጫናል። አጭሩን አጭር፣ ረዥሙን ረዥም። በር ሲንኳኳ እጃቸውን ይለቁና የሽንኩርት ወሬ ይጀምራሉ። እንግዳው እስኪሄድ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ሲሄድ እንደገና ይያያዛሉ።

ይህን የነገሩኝ ምስር እየለቀምን ነበር። ሲያያዙ ከየት እንደሚጀምሩ ጠየቅኋቸው።

“አንጀምርም፤ እንቀጥላለን።”

“ከየት?”

“ካለበት ነዋ” አሉኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት። እያወሩም ሳለ መዝሙሩ በየሆዳቸው አይቋረጥም ነበርና ሲያያዙ አራቱም ጣት አንድ ቦታ ላይ ይገኛል ማለታቸው ነው። አንድ ሕግም ነበራቸው፤ የት እንደደረሱ አይጠያየቁም። መጠየቅ አለማመን ነው። እኔ በልቤ የሽማግሌ ማጋነን ብዬ አለፍሁት። አራት ሰው በየልቡ ሲዘምር፣ ያውም እያወራ፣ እንዴት አንድ ቦታ ይገናኛል? ምስሬን ለቀምሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ብርድ፣ እትዬ ደብሪቱን ስትሮክ መታቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አምጥተው ሆስፒታል አስተኟቸው። እኔ ደሴ ስለምኖር ቀን ቀን ማስታመሙ የእኔ ድርሻ ሆነ። ዓይናቸው ይከፈታል፤ ወደማንም ግን አያይም። ምግብ በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ ይሰጣቸዋል፤ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ሰው ነው። በየጠዋቱ ስማቸውን ይጠራል፣ እጄን ይጨብጡኝ ይላል፣ ይጠብቃል። ምንም የለም። ቀናት በቀናት ላይ ተደረቡ፤ ምንም የለም።

ኤልያስ አንድ ልጃቸው ነው፤ ኮምቦልቻ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። እናቱን አይወድም የሚል ሰው አልተፈጠረም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጥቶ ግንባራቸውን ሳመና ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ከሐኪሙ ጋር መነጋገሩን፣ ከዘመድም መመካከሩን ነገረኝ። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል። ቱቦውም ኦክስጅኑም ይነቀልና ወደ ቤታቸው ይወሰዳሉ።

ታዲያ እኮ አይቆዩም አልሁት። ያውቀዋል።

“ሰው መሀል፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተሰክቶ እንድትሞት አልፈልግም። አልጋዋ ላይ ትሙት። ፋንቱ፣ እሷ እኮ ሄዳለች፤ የቀረው ገላዋ ነው።”

እውነት ሄደው ከሆነ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነው፤ ፍቅርም ነው። ካልሄዱስ የሚለውን ግን በምን አፌ ልናገረው? ማስረጃ የሌለው ነገር መናገር አልወድም።

ተመልሼ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ያዝሁ። ጎን ባለው አልጋ አማቷን የምታስታምም ሐሊማ የምትባል፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ከደጋን የመጣች ሴት ነበረች። ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ልቧ ደግሞ ከድምፅዋ የሰፋ፤ ክፍሉ ውስጥ ያላስታመመችው በሽተኛ አልነበረም። ዓይኗን ከማጣጥፈው ልብስ ወደ እትዬ እጅ መለሰችና ጠራችኝ።

“አንቺ፣ እናትሽ ዝክር ላይ ናቸው እንዴ?”

አልገባኝም።

“ጣታቸውን እዪዋ። ሙስበሃ የያዘ ሰው እኮ ነው የሚመስሉት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሊሞት ሲል እንዲህ ነበር፤ ሙስበሃው ከእጁ ወድቆ እንኳ ጣቱ መቁጠሩን አላቆመም።”

“እኛ የጸሎት መቁጠሪያ የለንም” አልኋት፤ “ጴንጤ ናቸው።”

“እና ጴንጤ ዱዓ የለውም?” አለችኝ።

የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይነካል፣ ይለቃል። ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ። ነርሷን ስጠይቃት የጡንቻ መንዘር ነው፣ የተለመደ ነው ብላኝ ነበር፤ እኔም የተለመደ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። የሐሊማ አባት ጣት ነው ደግሜ እንዳይ ያደረገኝ። ልብሱን አስቀምጬ መዳፌን ከጣታቸው ሥር ሰደድሁ።

አጭር። አጭር። አጭር፣ ትንሽ ረዘም ያለ። መንዘር ቢሆን ሥርዓት አይኖረውም ብዬ አሰብሁ፤ ሥርዓት የመሰለኝም እኔ ስለፈለግሁት ይሆናል ብዬ ራሴን ገሠጽሁ። ጣቱ ቆመ። ጠበቅሁ። እንደገና ጀመረ፤ ያው አጭር አጭር፣ ያው ረዘም ያለ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ቀረ። ሳይነሣ ቆየ፣ ቆየ፤ አንድ እስትንፋስ የሚያህል ተነሣና ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ ወረደ።

ያን ቦታ አውቀዋለሁ። በቀይ ያሰመርሁበት ነው።

“እጠብ” ብሎ የሳበው፣ “ቃለሁ” ብሎ የወረደው ነው። ሌላ መዝሙር ቢሆን ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ ዜማ ለይቶ የሚይዝ ጆሮ የለኝም። ይህን ግን ተጣልቼዋለሁ፤ የተጣሉትን ሰው ፊት ደግሞ ማንም አይረሳም። ጎንበስ ብዬ፣ “እትዬ፣ እየዘመሩ ነው?” አልኋቸው። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ እንደተተከለ ቀረ። ጣታቸው ቆመ። ስለሰሙኝ ይሁን ስለደከሙ እግዚአብሔር ይወቅ።

ኤልያስን ጠራሁት። ሮጦ መጣ፤ እጃቸውን ይዞ ተቀመጠ። ምንም የለም። ብዙ ጠበቀ፤ ምንም። በመጨረሻ እጃቸውን በቀስታ ብርድ ልብሱ ላይ መለሰና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደክሞሻል፣ ዛሬ እንኳ ግቢና ተኚ አለኝ። መኪናው ግን ጠዋት እንደሚመጣ ደግሞ ነገረኝ።

ሐሊማ፣ “አብሽሪ፤ ቀጠሮ ይዞ የሚጸልይ ሰው አለ እንዴ?” አለችኝ ከወዲያ።

በደርግ ጊዜ በመዳፍ ከዘመሩት ከአራቱ፣ ከእትዬ ደብሪቱ ሌላ በሕይወት ያሉት ጋሼ መኩሪያ ብቻ ነበሩ፤ ወፍራሙን አራተኛ ድምፅ የሚይዙት። ኮምቦልቻ ደወልሁላቸው። ያየሁትን ስነግራቸው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

“ቀኝ እጇ ነው?”

“አዎ።”

“አውራ ጣቷ?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወጣለሁ።”

በማግስቱ ደሴ ጉም ውጧት ነጋች። ስደርስ ኤልያስ ቀድሞኛል፤ ሹፌሩ ግቢው ውስጥ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል፤ የመውጫው ነገር እያለቀ ነው። ጋሼ መኩሪያ የሉም። ከኮምቦልቻ በሚያወጣው በሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መኪና ሳያቆም አልቀረም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ታዩ። ትንፋሻቸው አጥሯል። ማንንም ሳያዩ ወደ አልጋው ሄዱ።

“ደብሪቱ፣ እንደምን አደርሽ? እስካሁን ተኝተሽ አገኘሁሽ፤ ድሮ ልማድሽ አልነበረም።”

ኤልያስ እጅ ነሥቶ፣ እንኳን ለመሰናበት ደረሱ አላቸው።

“ልሰናበት አልመጣሁም። ልዘምር ነው።”

“ጋሼ፣ እዚህ እኮ መዘመር አይቻልም፤ ሕመምተኛ አለ።”

“ማን ይሰማናል ብለህ ነው?” አሉት።

በቀኝ በኩል ተቀምጠው የእትዬን ቀኝ እጅ ያዙ። ሌላውን እጃቸውን በአልጋው ላይ አሻግረው ለእኔ ዘረጉልኝ። እኔ በግራ በኩል የእትዬን የማይንቀሳቀስ እጅ ይዣለሁ። የማልዘምር መሆኔን ነገርኋቸው። “ክቡ እንዳይከፈት ብቻ ያዢ” አሉኝ። ኤልያስን ሲጋብዙት ራሱን ነቀነቀና በአልጋው ግርጌ ቆመ፤ ሰዓቱን ያያል። የትኛውን መዝሙር እንደሚሉ ጠየቅኋቸው።

“እሷ የጀመረችውን” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የጋሼ መኩሪያ ጣት መዳፌ ላይ ወረደ። አጭር፣ አጭር፣ አጭር፣ ረዘም ያለ። ትናንት ያወቅሁት ነው። እትዬ አብረው ይሁኑ አይሁኑ ግን ማወቅ አልችልም፤ የሚንቀሳቀሰው እጅ በጋሼ እጅ ውስጥ ነው። የጋሼን ፊት አየሁ። ምንም አይነበብበትም፤ ያን ፊት ምንም እንዳያሳይ በዚያ በድብቁ ዘመን ለብዙ ዓመት አስተምረውታል።

በዚህ መሀል ነርሷ የግፊት መለኪያና ግሉኮስ ይዛ ገባች። እስቲ አንዴ ዞር በሉልኝ አለች። እጆቻችን ተላቀቁ።

አለቀ አልሁ በልቤ። ኤልያስም መውጫው እንደደረሰ ሰው ካፖርቱን ቆለፈ። ጋሼ መኩሪያ ግን ወሬ ጀመሩ። ጉሙ ሐረጎ ላይ ሹፌሩን እንዴት በመስኮት ራሱን አውጥቶ እንዲነዳ እንዳደረገው፣ የዘንድሮ ድንች ደሴ ዙሪያ ላይ እንዴት እንደያዘ፣ አንዷ ተሳፋሪ ዶሮ በካልሲ አስገብታ መምጣቷን። ነርሷ ሳቀች። እርስዎንስ ልለካዎት አለቻቸው፤ ክንዳቸውን ሰጧት፣ ከፍ ብሏል ስትላቸው ዳገቱን ነዋ የለካሽው አሏት። ሐሊማም ከዚያ አልጋ የዶሮዋን ነገር ቀጠለችበት። ግሉኮሱ ተቀየረ፤ የእትዬ ግፊት ተለካ፤ ትራሳቸው ተስተካከለ። ነርሷ የግሉኮሱን መስቀያ በዚህ በኩል ስለምፈልገው አባ ወደዚያ ይዙሩልኝ አለች። ስለዚህ ቦታ ተለዋወጥን። እሳቸው ወደ ግራው እጅ ሄዱ፤ የቀኙ እጅ ለእኔ ደረሰ።

ነርሷ ወጣች። ጋሼ መኩሪያ የድንቹን ወሬ ከመሀሉ ቆርጠው እጃቸውን ዘረጉልኝ። በግራዬ እሳቸውን፣ በቀኜ እትዬ ደብሪቱን ያዝሁ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ እጆች የተገናኙት በእኔ ላይ ብቻ ነውና።

የጋሼ ጣት ግራ መዳፌ ላይ ወረደ። የእትዬ ጣት ቀኝ መዳፌ ላይ ወረደ። አንድ ላይ። ተነሡ፤ አንድ ላይ። አንዱ ሌላውን አልጠበቀም፤ አንዱ ሌላውን አልተከተለም። ከመጀመሪያም አልጀመሩም። ሁለት ሦስት አጭር እንደተጫኑ ሁለቱም ጣቶች ተጭነው ቀሩ። ያ ረዥሙ ቦታ ነው። ሁለቱ መዳፎቼ መጽሐፍ ሲዘጋ እንደሚገናኙ ሁለት ገጾች ሆኑ፤ በግራ ያለው በቀኝ አለ። እስትንፋሴን ያዝሁ። እነሱም እዚያው ያዙ። ያን ቃል ለሁለት የሚቆርጠውን፣ ያስተካከልሁት የመሰለኝን ባዶ ቦታ፣ አሁን ውስጡ ቆሜ አየሁት። ሰፊ ነበር። ሰው የሚያሳርፍ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ተነሡና ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ ወረዱ።

ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። ሐሊማ ወሬዋን አቁማ ታየኝ ነበር።

ስንኙ ሲያልቅ ጋሼ መኩሪያ ዓይናቸውን ገለጡ። አፌን ስከፍት እጄን ጠበቅ አደረጉት።

“አትንገሪኝ” አሉ። “አልጠየቅሁሽም።”

ከዚያ ኤልያስን ጠሩት። ና፣ በእሷ ቦታ ተቀመጥ፣ መዳፍህን ስጣት አሉት። እኔ ተነሣሁ። ሊከራከር ፈልጎ ነበር፤ የሽማግሌ ቃል ከበደውና ተቀመጠ። ጋሼ ወደ እትዬ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

“ደብሪቱ፣ ልጅሽ ነው የያዘሽ። ለእሱ ደግሞ ከመጀመሪያው።”

ጣቱ ቆመ። ከዚያ ወረደ፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ኤልያስ መዝሙር የሚከታተል ሰው አይደለም፤ ይህ ግን እናቱ በጀርባቸው አዝለው ያስተኙበት ዜማ ነው። ረዥሙ ቦታ ሲደርስ፣ እጁን ሳይለቅ፣ “ሐኪሙን ጥሪልኝ” አለኝ።

ሐኪሙ ጣቱን መዳፋቸው ውስጥ አድርጎ ቁጭ አለ። ከሰሙኝ አንዴ ረዘም አድርገው ይጫኑኝ አላቸው። ተጫኑት። አሁን ደግሞ ሁለት ጊዜ አላቸው። ሁለት ጊዜ ተጫኑት። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። ምንም እንዳይነቀል ለነርሷ ነገራትና ለኤልያስ፣ “እናትህ እዚህ አሉ” አለው። ኤልያስ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መኪናው ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

እትዬ ደብሪቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰንብተው፣ ቱቦው ወጥቶላቸው፣ ተደግፈው ተቀምጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጥቂት ቃላትም ተመለሱላቸው። የሚቀጥለውን ክረምት አልፈው፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ኤልያስ በተመኘላቸው አልጋ ላይ፣ እጃቸው በእጁ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ሕጋቸው ሕጌ ሆኖ ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

የጣታቸውን ነገር ሁሉም ሰው ሰማ። ኤልያስ በጉባኤ ፊት ቆሞ ተናገረው፤ ተጨበጨበ፤ ኪቦርዱ አጀበው። እኔንም ጠሩኝ፤ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የሁለቱን መዳፎች ነገር ምስክር የለኝም፤ ደግሞም ጋሼ መኩሪያ ራሳቸው ያልጠየቁኝን ለማን ልናገር?

ለራሴ ግን ብዙ መርምሬዋለሁ። አብረው የተሞሉ ሁለት ሰዓቶች ቢለያዩም አብረው ይቆጥራሉ ብያለሁ። ሰዓት ግን ስለ ድንች አያወራም፤ ሰዓት በስትሮክ ተመትቶ አይተኛም። አጋጣሚ ነው ብያለሁ፤ ይህን ባልሁ ቁጥር ቀኝ መዳፌ ይታዘበኛል። ተአምር ነው እንዳልልም እነሱ ተአምር አላሉትም። ለእነሱ መዘመር ማለት ይኸው ነበር።

እኔ ላይ የተለወጠውን ግን አውቃለሁ። የእርማቱን ወረቀት አውጥቼ ቀዩን ሰረዝሁት፤ ስንኙ እንደነበረ ታትሟል። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ያን ዜማ ያወጣው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ ለማን ማረፊያ እንደሠራ ግን አይቻለሁ። ለማስተካከል እጄን ከማንሣቴ በፊት አሁን ትንሽ እቆያለሁ። እሑድ እሑድም እዘምራለሁ። ድምፄ ያው ነው፤ አጠገቤ የሚቀመጡ ይቅር ይበሉኝ። እናንተም ምላሽ ከማይሰጥ ሕመምተኛ አጠገብ የምትቀመጡ ከሆነ፣ ሄዷል ከማለታችሁ በፊት መዳፋችሁን ከጣቱ ሥር ጥቂት አቆዩልኝ። ከዚህ ሌላ የምመክረው የለኝም።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርሁት በእትዬ ደብሪቱ ለቅሶ ነው። ኮምቦልቻ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሐሊማ ከደጋን መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ሰውን ሁሉ አጽናንታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

“አፉ በይኝና፣ ያን ጠዋት ምን አግኝቶሽ ነው ፊትሽ እንደዚያ የሆነው?”

ነገርኋት። በግራዬ ያለውን፣ በቀኜ ያለውን፣ የምስሩን ቀን፣ “ካለበት” ያሉኝን፣ ሁሉን። አንድም ቦታ አላቋረጠችኝም።

“እጃቸውን ሲለቁ መዝሙሩን ማን ያዘው ነው የምትይኝ?”

“አዎ።”

“ያው ይዘውት ሳለም የያዘው ነዋ” አለችኝ።

ከዚያ መዳፏን ዘረጋችልኝ። እስቲ እንዴት እንደነበረ አሳዪኝ አለች። ጣቴን አስቀመጥሁና ጀመርሁ፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር፣ ረዘም ያለ። ወደ ረዥሙ ቦታ ስንቃረብ አንዲት ልጅ ሻይ ይዛ ከፊታችን ቆመች። እጃችንን ለቀን ብርጭቆውን ተቀበልን። ሐሊማ ልጅቷን የማን ልጅ ነሽ ብላ ጠየቀቻት፣ መረቀቻት፣ ሻይዋን ፉት አለች። ብርጭቆዋን ከወንበሩ ሥር አስቀመጠች። እጇን መልሳ ዘረጋችልኝ።

“ካለበት” አለችኝ።

ቀጠልሁ።